በስህተት የተመዘገበው አጃቢ

ፍርሃት እንደ ርስት የሚወረስ ቢሆን ኖሮ፣ ከግሼ እስከ መርሐቤቴ ድረስ የእኔን ያህል ባለ ርስት አይገኝም ነበር። አባቴ ግን ፈሪ አልነበሩም። እናቴም አልነበሩም። ከማን እንዳመጣሁት ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ይከራከራል፤ የእናቴ ወገን ወደ አባቴ፣ የአባቴ ወገን ወደ እናቴ ይገፋኛል። በዚህ አገር ፈሪ ሆኖ መኖር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሰው «ሌባ ነህ» ቢባል ምስክር ይቆጥራል፤ «ፈሪ ነህ» ቢባል ግን ጋቢውን ጥሎ ይነሳል። እኔ «ፈሪ ነህ» ሲሉኝ «እውነት ነው» ስለምል፣ ጠብ ፈላጊው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ትቶኛል። «ፈሪ ለእናቱ» ይባላል፤ እኔ እንኳ ለሚስቴም ለልጄም ተርፌአለሁ።

ራቤል ከተማ ውስጥ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። እሱም ቢሆን ለፈሪ የተመቸ ሥራ ነው። ዓለምን በካርታ ሲያዩዋት ባሕሯ አያሰጥምም፣ ገደሏ አይጥልም፣ እሳተ ገሞራዋም አያቃጥልም። እንዲያም ሆኖ ተማሪ ፊት ቆሜ ጣቴን ከአፍሪቃ ወደ እስያ ሳሻግር ቀይ ባሕር ላይ ስደርስ ፈጠን እላለሁ።

ልጄ ፍሬሕይወት በእኔ አልወጣችም። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ንግግሯ ጥቂት፣ ሥራዋ ብዙ ነው። ክላርኔት ትነፋለች። ራቤል ላይ ክላርኔት ከየት መጣ የምትሉ ካላችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አምሳ አለቃ በላቸው የሚባሉ ጎረቤት አሉን። ዕድሜያቸውን በወታደር ባንድ ውስጥ ክላርኔት ሲነፉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ መሣሪያቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመለሱ። ለካ ክላርኔት የሚነፋ ሰው የፊት ጥርስ ያስፈልገዋል። የእሳቸው ሁለቱ ሲወልቁ ክላርኔቱ ሥራ ፈትቶ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ፍሬ ትንሽ ልጅ ሆና በራፋቸው ላይ እየቆመች ስታየው፣ አንድ ቀን ነው አውርደው የሰጧት። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ እሳቸው ቤት ነው የምትሄደው። መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ ጣት፣ ቀጥሎ ኖታ አስተማሯት። የፈረንጆቹን ክላሲካል ሙዚቃ ከወረቀት ላይ እንደ ዳዊት ታነበው ጀመር።

ታዲያ አምሳ አለቃን አንድ የድሮ የባንድ ጓደኛቸው ደወሉላቸውና፣ ለወጣት ክላሲካል ሙዚቀኞች ዓለም አቀፍ ውድድር እንዳለ ነገሯቸው። የመጀመሪያው ዙር ቪዲዮ ልኮ ነው፤ ሁለተኛው በኢንተርኔት ፊት ለፊት ዳኞች እያዩ ነው፤ የመጨረሻው አውሮፓ ተሂዶ ነው። ፍሬ እወዳደራለሁ አለች። ለአካለ መጠን ስላልደረሰች ማመልከቻውን የሚሞላው ወላጅ ነው ተባለ፤ ወላጇ ደግሞ እኔ ነኝ።

ቅፁ በእንግሊዝኛ ነው። የእኔ እንግሊዝኛ ስለ ዝናብ ሥርጭትና ስለ ድንጋይ ዓይነት ከሆነ አያሳፍርም፤ ከዚያ ውጭ ግን እንደ ባለቤቱ ድንበር መሻገር ይፈራል። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ የአስተማሪዋን ስም ሞላሁ። ከዚያ አንድ የማላውቀው ቃል መጣ። ስልኬ ላይ ባለው መዝገበ ቃላት ብፈልገው «አጃቢ» አለኝ። ደስ አለኝ። ልጅቷ ወደ ውጭ አገር ብትጠራ ማን ይዟት እንደሚመጣ ማወቅ ፈልገዋል አልኩ፤ ፈረንጅ ጥንቁቅ ነው። በአጃቢ ቦታ የራሴን ስም እስከ አያቴ ድረስ ጻፍኩ። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ፣ በዚያው መዝገበ ቃላት ስፈታው፣ አጃቢው ምን «መሣሪያ» እንደሚይዝ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆምኩ። ስለ አገራችን ሰው የሆነ ነገር ሰምተዋል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። የመንዝና የግሼ ሰው ልጁን አጅቦ ሲመጣ ጠመንጃ አንግቶ ነው ብለው ሰግተው ከሆነ፣ ስጋታቸውን ማስወገድ የእኔ ፋንታ ነው። ስለዚህ «ዱላ ብቻ» ብዬ ጻፍኩ። እሱም እንዳያስደነግጣቸው፣ ከአባቴ የወረስኩት ባህላዊ ዱላ መሆኑንና እስከ ዛሬ ማንም እንዳልተጎዳበት ጨመርኩበት። ላክሁት። በሥራዬም ረክቼ ወደ ክፍል ገባሁ።

ፍሬ የመጀመሪያውን ዙር አለፈች። ደብዳቤው የመጣው በእኔ ኢሜይል ነው። የመጀመሪያውን አንቀጽ ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ሁለተኛውን ሳነብ እንባው እዚያው ደረቀ። በሁለተኛው ዙር ሁለት ሙዚቃ ትጫወታለች ይላል። አንዱን ብቻዋን፣ ሁለተኛውን ደግሞ የአገሯን ዜማ ከአጃቢዋ ጋር። ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈውን ባህላዊ የዱላ መሣሪያ ለመስማት ዳኞቹ በጉጉት ይጠብቃሉ ይላል። ማንም አልተጎዳበትም ያልኩት ቀልድ እንዳሳቃቸውም ጽፈዋል። በማመልከቻው ላይ የተመዘገበ አጃቢ አይቀየርም፤ መሣሪያውም እንደዚያው።

የዚያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ለካ ሙዚቃም ይታጀባል። ለካ መሣሪያ ማለት ጠመንጃ ብቻ አይደለም። ይህንን የራቤል ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ፤ ቅፁን የሞላሁ ዕለት ግን ያ እውቀት የት ሄዶ እንደነበር እግዚአብሔር ይወቀው።

ሦስት ቀን ደብቄ ያዝኩት። ማለፏን ብቻ ነገርኳትና ስልኬን ከኪሴ አላወጣ አልኩ። በጠራ ቁጥር ፈረንጆቹ መስለውኝ እደነግጣለሁ። ክፍል ገብቼ ዓባይን ወደ ደቡብ አፈሰስኩት። ምግብ አልወርድ አለኝ። ሚስቴ አስናቀች ሁለት ቀን ታገሰችኝና በሦስተኛው ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ ጨጓራ ነው አልኳት። ልጄ ስድስት ዓመት ሙሉ በትንፋሿ የገነባችውን ነገር እኔ በአንድ ቃል እንዳፈረስኩት እንዴት ብዬ ልንገራት? ብነግራት ታዝንብኛለች፤ ባልነግራት ቀኑ ይደርሳል። ፈሪ ደግሞ ሁለት አስፈሪ ነገር ከፊቱ ሲቆም የሚያደርገው አንድ ነው፤ ሦስተኛ ሰው ጋ ይሄዳል። ወደ አምሳ አለቃ ሄድኩ።

እሳቸው ደብዳቤውን አስነብበው ሰሙኝ። አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ባንድ ውስጥ ሳሉ ከበሮ መቺያቸው የታመመ ዕለት ከወጥ ቤት አንድ ሰው አምጥተው እንዳስመቱት አጫወቱኝ።

«እንዴት ሆነላችሁ?» አልኳቸው በተስፋ።

«አዋረደን» አሉ።

ከዚያ ተነስተው ፍሬን ጠሯት። እሳቸው ፊት፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ሁሉን ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ታለቅሳለች ብዬም ነበር። እሷ ግን ስልኩን ተቀብላኝ ደብዳቤውን እየተጣደፈች አነበበች፤ እኔ ብቻ ያልገባኝን ነገር እንደምትፈልግ ሰው። ጨረሰችና ቀና አለች።

«እንግዲያው ትለማመዳለህ፣ አባዬ» አለችኝ።

የእኔ አበሳ የጀመረው ከዚህ ነው።

የምትጫወተው የአገር ዜማ አምሳ አለቃ ራሳቸው ከመንዝ የሠርግ ጨዋታ ለክላርኔት ያዘጋጁት ነው። ሲጀምር ዝግ ይላል፣ ከዚያ ይነቃል። የእኔ ድርሻ አራት እየቆጠርኩ በዱላ ወለል መምታት ነው። አራት መቁጠር ከባድ አይመስላችሁም። እኔም አልመሰለኝም ነበር። እጄ ግን በሦስተኛው ላይ ይቸኩላል፤ ፈሪ ቶሎ መጨረስ ይወዳል። የአስናቀች አጎት መሪጌታ ልሳነወርቅ የሰፈራችን ደብር ዜማ መምህር ናቸው፤ መቋሚያቸውን ባገኝ እጄ ያደብ ይሆናል ብዬ ሄጄ ለመንኳቸው። ከለመደው ሰው እጅ የወጣ ዘንግ ራሱ ያውቃል ብዬ ነው።

«መቋሚያ የሚያዘው ለማኅሌት ነው፤ ለውድድር አይሆንም» አሉኝ። ሳፍር አይተው ግን አሳዘንኳቸው መሰለኝ፣ የገዛ ዱላዬን አስይዘው ደጃቸው ላይ አቆሙኝ። እሳቸው እያዜሙ እኔ እንድከተል አደረጉ። አሥር ጊዜ ቀደምኳቸው፣ አሥር ጊዜ አስቆሙኝ። በመጨረሻ እጄን ያዙና፣ ጆሮህ ይቅደም እጅህ ይከተል፣ የምትፈራውን ትተህ የምትሰማውን ያዝ አሉኝ። የምፈራውን ብተው ምን ይቀረኛል ብዬ አሰብኩ፤ ለእሳቸው ግን አልነገርኳቸውም።

ቤታችን ውስጥ አንድ ክፍል ብቻ ነው ጣውላ የተነጠፈው። እዚያ ሆነን ስንለማመድ ሌላ መዘዝ መጣ። የዜማው መካከል ላይ ክላርኔቱ ከፍ ብሎ እንደ ለቅሶ ይጮሃል፤ እኔ ደግሞ በዚያው ሰዓት በዱላ ጓ፣ ጓ አደርገዋለሁ። በሁለተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። ብከፍት ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎችና የሴቶች እድር ሰብሳቢዋ ቆመዋል። ፊታቸው ጠቁሯል። ገብተው ተቀመጡና፣ መምህር ሰው ልጁን በቃል እንጂ በዱላ እንደማይቀጣ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጭካኔ እንዳልጠበቁብኝ ተራ በተራ ነገሩኝ። እኔ ዱላውን እንደያዝኩ ነው። ልጥለው ብል ጥፋተኛ የምመስል መሰለኝ፤ እንደያዝኩት ብቆይ ደግሞ ጥፋተኛ መስያለሁ። ያዳነችኝ አስናቀች ናት።

«እሱ? እሱ እንኳን ሰው፣ በሬም መትቶ አያውቅ» አለቻቸው።

ፍሬ ዜማውን ከመጀመሪያው ነፋችላቸው፤ እኔም መታሁ። ሽማግሌዎቹ አዳመጡ። ሲያልቅ አንደኛው፣ የልጅቷ መልካም ነው፣ ያንተ ግን ሰው ቢመታበት ይሻል ነበር የሚል ነገር አጉረምርመው ወጡ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። በዚያ ሳምንት የራቤል ኔትወርክ ብቅ ጥልቅ ይል ስለነበር፣ መሀል ሜዳ ከተማ የሚያውቁን ሰው ቢሮአቸውን ሊያውሱን ተስማምተው ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነው። እኛ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን፤ ፍሬ፣ አምሳ አለቃና እኔ። ከራቤል መሀል ሜዳ የሚወስደው መንገድ ጓሳን አቋርጦ ያልፋል። ጓሳ ማለት ሰማይ ሥር የተነጠፈ ሣር ነው፤ በምሥራቅ በኩል ግን ሣሩ ድንገት ያልቅና ገደል ይጀምራል። ያን ቀን ጉም ወርዶ ገደሉ አይታይም። የሚታይ ገደል አንድ ነገር ነው፤ የማይታይ ገደል ግን በሁሉም በኩል ያለ ነው። ሾፌሩ ዘና ያለ ሰው ነበር፤ ወሬ ሲያወራ ወደ ኋላ ዞሮ የሰውን ዓይን ካላየ አይሆንለትም። ዓይኑን ባየሁ ቁጥር «መንገዱን» እላለሁ። እሱም መንገዱ ያውቀኛል ይለኛል።

ጓሳ መሀል ላይ ስንደርስ አንድ ነገር ጮኸ። እኔ ጥይት ነው ብዬ ከወንበሩ ሥር ገባሁ። ጎማ ነው። ሾፌሩ ወርዶ ቅያሪውን ስኮርት ጎማ ቢያወርደው እሱም ነፋስ የለውም። ሰው ከመሀል ሜዳ ጎማ ይዞ እስኪመጣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠየቅነው። ሰማዩን አየና፣ ዛሬ ይደርሳል አለ።

ጠበቅን። የሚያልፍ መኪና ጠፋ። አንድ አይሱዙ መጣ፤ በበግ እስከ አፉ ጢም ብሎ በራቤል አቅጣጫ አለፈን። ሰዓቱ ስምንት ሆነ፤ ብርዱም በረታ። ልጄን አየኋት። ክላርኔቷን በጋቢ ጠቅልላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። እኔ ያኔ የፈራሁት ተራራውንም ገደሉንም አይደለም። ይቺ ልጅ አንድ ቀን አድጋ፣ ያ ቀን ለምን እንዲያ ሆነ ብላ ስታስብ፣ የምታስታውሰኝ በዚህ ጉም ውስጥ እንደቆምኩ እንዳይሆን ነው የፈራሁት።

አምሳ አለቃ ስልካቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ወዲያ ወዲህ ሲሉ ቆይተው ከአንድ ጉብታ ላይ ቆሙ። እዚህ ኔትወርኩ ሙሉ ነው አሉ። እዚያው ጉብታው ላይ የጓሳው ጠባቂ የሚያርፍባት አንዲት የሣር ጎጆ ነበረች። ጠባቂው ትከሻቸው ሰፊ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ነገሩን ስናስረዳቸው ሙሉውን የተረዱት አልመሰለኝም፤ ልጅቷ ፈተና እንዳለባት ግን ገባቸው። ፈተና ከሆነ ግቡ ብለው እሳታቸውን አጋጋሉልን።

አምሳ አለቃ መጀመሪያ ያደረጉት ክላርኔቱን ከካፖርታቸው ሥር ብብታቸው ውስጥ ማስገባት ነው። መሣሪያው ከበረደ ድምፁ ይወርዳል፣ እንጨቱም ሊሰነጠቅ ይችላል አሉኝ። ይህን ባይነግሩኝ ምን ነበረበት፤ እስከዚያ ድረስ ያልፈራሁት ነገር እሱ ብቻ ነበር። ስልኩን የገብስ ጆንያ ላይ አቆምነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጠራ።

ሦስት ዳኞች ብቅ አሉ፤ መነጽር ያደረጉ ሴትዮ፣ አንድ መላጣ ሰውዬና ምስላቸው አልፎ አልፎ የሚደርቅ አንድ ሽማግሌ። ሴትዮዋ የት እንደሆንን ጠየቁ። ፍሬ ጎማ ፈንድቶብን ተራራ ላይ እንደሆንን በጥሩ እንግሊዝኛ ነገረቻቸው። ዝግጁ ስትሆኝ ጀምሪ አሏት።

የመጀመሪያውን የፈረንጅ ሙዚቃ ብቻዋን ተጫወተች። ያን ሙዚቃ ስድስት ወር ከግድግዳ ማዶ ሰምቼዋለሁ፤ የት ላይ እንደሚከብድም አውቃለሁ። ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ረጅም ሐረግ አለ፤ ሳይተነፍሱ እስከ መጨረሻው መድረስ ያስፈልጋል። እዚያ ስትደርስ እኔ ራሴ ትንፋሼን ያዝኩላት። መጨረሻው ላይ ልትደርስ ስትል ድምፁ ሳሳ፤ ክር የምታህል ቦታ ላይ ተቆረጠ። ወዲያው አንስታው ቀጠለች። አምሳ አለቃ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሌላ ሰው ላያውቀው ይችላል አልኩ በልቤ።

ከዚያ የእኔ ተራ መጣ።

ዱላዬን ይዤ ከጎኗ ቆምኩ። ሦስቱ ዳኞች አዩኝ። መላጣው ወደ ካሜራቸው ጠጋ አሉ። ፍሬ የመጀመሪያውን ሐረግ ዝግ አድርጋ ነፋች፤ አበቃችና ለእኔ ቦታ ተወችልኝ። ዱላዬን አንስቼ ወለሉን መታሁ።

ምንም ድምፅ የለም።

ደግሜ መታሁ። «ፍስ» አለ። ለካ የጎጆዋ ወለል ጥቅጥቅ ያለ የጓሳ ሣር ተጎዝጉዞበታል። ዱላው ትራስ ውስጥ እንደገባ ያህል ይሰምጣል። ቤቴ ያለው ጣውላ ትዝ አለኝ። ፍሬ ሐረጉን ደግማ ነፋችልኝ፤ ጊዜ እየሰጠችኝ መሆኑ ነው። አምሳ አለቃን አየኋቸው። እሳቸው በአገጫቸው ወደ ማእዘኑ ጠቆሙኝ። እዚያ የጠባቂው ቢጫ የውሃ ጀሪካን አለ። ሁለት እርምጃ ሄጄ ጀሪካኑን በዱላዬ መታሁት።

ግማሽ ድረስ ውሃ ነበረበት። ድምፁ ከሆድ የሚወጣ፣ ወፍራምና ክብ ነበር። ፍሬ ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኗ ፈካ። ነፋች፤ መታሁ። መሪጌታ ያሉኝን ያዝኩ፤ መቁጠሩን ትቼ እሷን ሰማኋት። ለጥቂት ጊዜ፣ ምናልባት ለሁለት መስመር ያህል፣ መፍራቴን ረስቼው ነበር ብል አልዋሽም።

ፍርሃቱ የተመለሰው በበሩ በኩል ነው። ቀና ብል አንድ ትልቅ ወንድ ጭላዳ ዝንጀሮ በሩ ላይ ቆሞ ያየናል። ጎፈሬው እስከ ትከሻው ወርዷል። ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳየኝ። ልሮጥ ብል ሦስት ዳኞች ያዩኛል፤ ብቆም ጭላዳው አለ። ያለኝን ኃይል ሁሉ ሰብስቤ ጀሪካኑን አንዴ በኃይል መታሁት። ጭላዳው ዘሎ ጉም ውስጥ ጠፋ። ከእኔ የባሰ ፈሪ ጓሳ ላይ እንደሚኖር ያወቅሁት ያኔ ነው። ያ ኃይለኛ ምት ደግሞ የዜማው መንቂያ ቦታ ላይ ገጠመ፤ ፍሬ በዚያው ይዛው ወጣች፣ ወጣች፣ ጨረሰች።

ዳኞቹ አጨበጨቡ። ከዚያ መላጣው እስክሪብቶ አነሱና የመሣሪያውን ስም ጠየቁ። ፍሬ ለአፍታ አየችኝ።

«ጀሪካን ይባላል» አለቻቸው።

ሰውዬው ጻፉት። ቀጥለው፣ ይህ ባህል ከአያት ወደ አባት የወረደ ነውን ብለው ጠየቁ። ልጄ መዋሸት አትችልም፤ እውነቱን ብትናገር ደግሞ እኔን ማጋለጧ ነው። በሕይወቴ ሳልጠራ አቤት ብዬ የማላውቅ ሰው፣ በሁለት እግሬ ሄጄ ስልኩ ፊት ቆምኩ።

በዚያ በድንጋይና በዝናብ እንግሊዝኛዬ ነገርኳቸው። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ አልኩ። ሙዚቃ አላውቅም። ቅፁን በትክክል ሳልረዳ ነው የሞላሁት፤ አጃቢ ሲል ልጄን ይዞ የሚመጣ ሰው መሰለኝ፣ መሣሪያ ሲል ጠመንጃ መሰለኝ። ልጄ ጥፋት የለባትም። የምትቀጡት ካለ እኔን ቅጡኝ፣ እሷን ተዉአት አልኩ።

ሦስቱም አልተንቀሳቀሱም። ኔትወርክ ይሁን ፍርድ መለየት አቃተኝ። እንደዚያ ሆነው ደርቀው ሳያቸው የቆየሁበት ጊዜ በሰዓት ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም፤ በእኔ ግን አንድ የዓቢይ ጾም ያህል ነው። ከዚያ ምስሉ ተንቀሳቀሰ፤ ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ሳቅ ነው። ነጥብ የሚሰጠው ለተወዳዳሪዋ ብቻ መሆኑን፣ አጃቢ እንደማይመዘን፣ ይህም በደብዳቤው ሁለተኛ ገጽ ላይ መጻፉን በትህትና ነገሩኝ።

ሁለተኛ ገጽ። እኔ በመጀመሪያው ገጽ ደንግጬ ሁለተኛ ገጽ መኖሩንም አላየሁ።

ጎማው ማምሻውን ደረሰ። ወደ ቤት ስንመለስ ፍሬ ራሷን ትከሻዬ ላይ አሳርፋ ነበር። ሁለተኛውን ገጽ አንብባው እንደሆነ ጠየቅኋት። ያን ዕለት አምሳ አለቃ ቤት ሆና እንዳነበበችው ነገረችኝ። ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ብነግርህ አትለማመድም ነበር አለችኝ፤ ዳኞቹ ፊት ብቻዬን መቆም አልፈለግሁም አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔም እኮ በጣም ፈርቼ ነበር» አለችኝ። «አንተን ሳይህ ግን፣ ሁለታችንም ከፈራን ማን ይነፋል ብዬ ተውኩት።»

ውጤቱ የመጣው ቅዳሜ ነው። ወደ መጨረሻው ዙር ካለፉት ውስጥ የለችም። ዳኞቹ ብዙ መልካም ነገር ጽፈው ነበር፤ ከሥሩ ግን ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው ሐረግ ገና ትንፋሽ እንደሚቀረው ጽፈዋል። በዚህ ጊዜ ግን አልደበቅሁም። ስልኩን ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። ክላርኔቷን አንስታ ወጣች።

አስናቀች፣ ተከተላት አለችኝ። ባትለኝም ተነስቼ ነበር። የቅዳሜ ገበያ ነው፤ በበግና በገብስ ጫኝ መካከል ነጠላዋን እያየሁ፣ ስትቆም እየቆምኩ፣ ስትሄድ እየሄድኩ ተከተልኳት። ክላርኔቱን ልትጥለው ይሆን? ልትሸጠው ይሆን? ከከተማው ልትወጣ ይሆን? ራሴ የፈለሰፍኩት ገደል ሁሉ ከፊቴ ተደቀነ። እሷ ግን ገበያውን ጨርሳ በጓሮ ዞረችና አምሳ አለቃ ቤት ገባች።

አጥሩ ሥር ቆምኩ። የሆነ ነገር ተነጋገሩ፤ አልሰማሁም። ከዚያ ክላርኔቱ ጀመረ። ሌላውን ሁሉ ትታ ሦስተኛውን መስመር ብቻ። ተቆረጠ። እንደገና ጀመረች። ተቆረጠ። እንደገና። ገበያተኛው በአጠገቤ ያልፋል፤ አንዳንዱ ሰላም ይለኛል። አምሳ አለቃ በሩን ከፍተው አዩኝ፤ ግባ መምህር፣ ውጭ ይበርዳል አሉኝ። ገብቼ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ፍሬ ዞር ብላ አላየችኝም። ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ በዝግታ ጠየቅኋቸው፤ ለሚመጣው ዓመት ውድድር ነው ብላለች አሉኝ።

እንደገና ጀመረች። ሐረጉ ወጣ፣ ተዘረጋ፣ ሁልጊዜ የሚሳሳበት ቦታ ደረሰ። አልሳሳም። አለፈው። እስከ መጨረሻዋ ኖታ ድረስ ሄደ፤ እዚያም ቆይቶ በራሱ ጊዜ ጠፋ። እኔ ልነሳና ልስማት ነበር።

አምሳ አለቃ እጃቸውን ዘርግተው አስቀመጡኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

«ድገሚው» አሏት።